ዜሮ ተብሎ የተጻፈው የልጄ ህመም

መጀመሪያ በደሉን ልንገራችሁ። ልጄ ሉባባ እንቅርቷን በቀዶ ጥገና ባስወጣች ማግስት ህመሟ «ዜሮ» ተብሎ ወረቀት ላይ ሰፈረ። ዜሮ! አንገቷ ተቀዶ፣ ምራቋን መዋጥ አቅቷት! ይህ የሆነው ከሚሴ ላይ ባጃጅ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ከተቀመጥኩበት ያስነሳኛል።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ኋላ ደግ ውለውልናል። ከቀዶ ጥገናው በፊት አንድ ወጣት ሐኪም ጥናት እንደያዘ ነገረን። ቆዳው ከመቀደዱ በፊት አንገት ላይ የሚወጋ መርፌ አለ፤ ደሙን ይቀንስ እንደሆነ፣ ሲነቁም ህመሙን ያስታግስ እንደሆነ ሊያዩ ነው። «ከሠራ ከእናንተ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ ይሰጣል» አለን። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ነገሩ ግን ገባኝ፣ ደስም አለኝ። ሉባባም ፈቅዳ ፈረመች።

ደሙን እንዴት እንደሚለኩት ብትሰሙ! ደም የጠጣውን ጨርቅ ሁሉ ሰብስበው በሚዛን ይመዝኑታል። ሰንበቴ ገበያ ስንት ዘመን እህል የሸጥኩ ነኝ፤ ሚዛን የሚያከብር ሰው እወዳለሁ።

ህመሙን ግን የሚለኩት በጥያቄ ነበር። ጠያቂዋ ሲስተር ከሌላ ክፍለ አገር የመጣች ልጅ ናት። ወረቀቷን ይዛ አልጋው አጠገብ ቆመች።

«ሉባባ፣ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ያምሻል?»

«ፈያ፣ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች ልጄ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ።

ሲስተሯ ዜሮ ጻፈች። እኔ ግን ከብርድ ልብሱ የወጡትን የልጄን እግሮች እያየሁ ነበር፤ ጣቶቿ ተኮራምተዋል። ሦስቱን የልጅ ልጆቼን ስትወልድም ጣቶቿ እንዲሁ ነበሩ፤ ድምጿን ግን ጎረቤት አልሰማውም።

ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ ያለችው፣ እንደ ልጄ እንቅርቷን ያስወጣች የባቲ ሴትም ስትጠየቅ «አልሐምዱሊላህ» አለች። እሷም ዜሮ! ይሄኔ ደሜ ፈላ።

«አንቺ ልጅ፣ ዜሮውን ሰርዢው!»

«እማማ፣ እኔ የነገሩኝን ነው የምጽፈው። ደግሞ ቀስ ይበሉ፣ ታማሚ ይረበሻል።»

«ምን ሆኖ ይረበሻል? ህመም የለበትም ብለሽ ጽፈሽለት የለ!»

የባቲዋ ሴት ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ፊቷ ተጨማዶ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች።

«ዜሮሽን አየሻት?» አልኳት ሲስተሯን።

ሐኪሙ ጩኸቴን ሰምቶ መጣ። «ምን ሆኑ፣ እማማ?»

«ስማኝ ልጄ፣ ደሟን በሚዛን መዘናችሁ፤ ህመሟን ግን በጨዋነቷ ለካችሁት። እኛ ዘንድ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ እንዴት አደርክ ሲሉት አልሐምዱሊላህ ይላል። ጌታውን ማመስገኑ ነው እንጂ አልተጎዳሁም ማለቱ መሰለህ? ሁሉም ዜሮ ከተባለ መርፌያችሁ ሳይሠራ ሠራ ይባላል። ከልጄ በኋላ ለሚመጡት የምትሰጡት ይህንን ነው?»

ሐኪሙም ወረቀቶቹን ከሲስተሯ ተቀብሎ አንድ በአንድ ገለጠ። «እኔኮ ዜሮው ለምን እንደበዛ ግራ ገብቶኝ ነበር» አለ። ከዚያ ውሃ በብርጭቆ አስመጣ።

«እሺ ሉባባ፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን ይህችን ተጎንጪና ሲወርድ ስንት እንደሚያምሽ ንገሪኝ።»

ተጎነጨች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እኔን አየችኝ።

«ተናገሪ ልጄ፣ ምስጋናሽን ማንም አይወስድብሽም» አልኳት።

«ስምንት» አለች።

የባቲዋ ደግሞ ሳትጠየቅ «እኔም ሰባት!» ብላ ጮኸች። ማስታገሻ ተወጉ። ትንሽ ቆይቶ የልጄ ጣቶች ተፍታቱ፤ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ግን በዚያ ኮሪደር ላይ እንደ ልጅ መዝለል አማረኝ!

ከወር በኋላ ለቀጠሮ ስንመለስ ቀጥ ብዬ ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። «ያቺ ዜሮ የት ደረሰች?» አልኩት። አውጥቶ አሳየኝ፤ ተሰርዛ ጎኗ ስምንት ተጽፏል፣ ፊርማውም አለበት። አዲሱ ወረቀት ላይ ደግሞ መጀመሪያ ውሃ ያስጎነጫሉ፣ ከዚያ ይጠይቃሉ። ፊደል ቆጥሬ ራሴ አነበብኩት። ይህን ለሰው ስናገር ዛሬም ልቤ ይዘላል።

«መርፌውስ ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«እሱን ገና አሁን ልናውቀው ነው፣ እማማ» አለኝ። «እስከዚያ ቀን ድረስ ህመም ብለን የጻፍነው ሰላምታ ነበር።»