የእማማ ብዙነሽ ፎቶ

ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማትበልጥ አንዲት ሚሞሪ ካርድ አለችኝ። ሁለት ጊጋ ናት። ዛሬ በሁለት ጊጋ የአንድ ሠርግ ቪዲዮ እንኳ በቅጡ አይያዝም፤ ያኔ ግን ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያየሁት ዲላ በሙሉ እሷ ውስጥ ነበር። መሳቢያዬን ከፍቼ ባየኋት ቁጥር ዛሬም መልሼ እዘጋዋለሁ። ታሪኳን ሳላወራ ይህን ያህል ዓመት የቆየሁት ሌላ ምክንያት ኖሮኝ አይደለም፣ አፍሬ ነው።

የካርዷን ካሜራ ያመጣልኝ ከጅዳ የተመለሰ አጎቴ ነው። አባቴ ዲላ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ ሙስሊሞች ስለሆንን ቤታችን ውስጥ የሰው ምስል ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ካሜራዋን ግን አልነጠቀኝም። አንሺ፣ አትስቀዪ ብቻ ነው ያለኝ። ስለዚህ ያነሳሁት ሁሉ ሳይታጠብ እዚያችው ካርድ ውስጥ ይከማች ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ እወጣለሁ። ቡና በሚፈለፈልበት ወራት የኮመጠጠው የገለፈት ሽታ ከተማው ውስጥ ድረስ ይገባል፤ እኔም ከነሽታው የሚነሳ ይመስል ጆንያ የጫኑ መኪኖችን፣ ዝናብ ያረፈበትን የእንሰት ቅጠል፣ ጭቃ ላይ ብይ የሚጫወቱትን የሰፈር ልጆች አነሳ ነበር። ልጆቹ ጨዋታቸውን ጥለው "እስቲ አሳዪን!" እያሉ ስክሪኗ ላይ ሲረባረቡ የትንፋሻቸው ጉም መስታወቷን ይሸፍነዋል።

በግቢያችን ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ታደለች የምትባል፣ ከዲላ አጠገብ ካለችው ከጪጩ የመጣች ልጅ ነበረች። አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ለቀማ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ መጥፎውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ትውልና ማታ ሻሿን አራግፋ ትገባለች። በጌዴኦኛ ስታወራ ምላሷ ውኃ ነው፤ አማርኛዋ ላይ ግን ሴት ወንድ የለም። እኔንም፣ እናቴንም፣ የግቢውን ዶሮም "አንተ" ነው የምትለን። እናቷ እማማ ብዙነሽ በገበያ ቀን ቆጮና አቮካዶ ይዘው ከጪጩ ይመጡና እሷ ዘንድ አረፍ ይሉ ነበር። አንድ ቀን የታደለች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አነሳኋቸው። ታደለች እንደነገረችኝ ፎቶ ሲነሱ የመጀመሪያቸው ነበር። እሳቸው ግን ስክሪኗን አየት አድርገው ወደ ቆጯቸው ተመለሱ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጥቶ ምደባችን ሲወጣ እኔ ሰሜን ያለ ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ። ቤቱ ገበያ መሰለ። እናቴ በሶ ታስፈጫለች፣ ጭኮ ትለውሳለች፤ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ባልዲ፣ የቁምሳጥን ቁልፍ እየተባለ ዝርዝሩ በየቀኑ ይረዝማል። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የምማረው ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውጄአለሁ። ኮምፒውተር የነካሁት ሰባት ሆነን አንዱን ከብበን በነበረበት የትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ጉራዬ ግን ልክ አልነበረውም። ታደለች ሬድዮዋ ሲበላሽ እንኳ "አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ" ብላ ለእኔ ነበር የሰጠችኝ። እንደተበላሸ መለስኩላት።

መሄጃዬ ሲቃረብ አባቴ መንገድ ላይ ሻንጣ ይጠፋል ብሎ ስጋት ገባው። ሰርተፍኬቴን ሁሉ በካሜራዬ አንስቼ እንዳስቀምጥ አዘዘኝ። ካርዷ ጢም ብላለች። እንግዲህ ፎቶዎቹን ወደ ፍላሽ ገልብጬ ካርዷን ባዶ ማድረግ አለብኝ። ከሱቃችን ፊት ለፊት ሙሉጌታ የሚባል፣ አዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰ ወጣት የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ነበረው። እሱ በደንበኛ ተይዞ ስለነበር ትንሽ ጠብቂኝ አለኝ። የኮምፒውተር ሰው ይጠብቃል እንዴ? ራሴ ካርዷን ሰካሁ፣ ፎልደሩን ያዝኩ፣ ፍላሹ ላይ ጣልኩት። ዓይኔን ሳልጨፍን አለቀ። ያን ሁሉ ዓመት በዓይን ጥቅሻ ሲገለበጥ እንኳ አልጠረጠርኩም።

የኔ ዕድሜ ሰው እዚህ ላይ ገና ሳልጨርስ ራሱን ይይዛል። ያኔ በየጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የሚኖረው ያ የተረገመ ቫይረስ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው ሾርትከት ያስቀምጣል። መልኩ ያው ነው፣ ስሙም ያው ነው፤ ውስጡ ግን ምንም የለም። እኔ የገለበጥኩት እሱን ነው። ቤት ገባሁና ካርዷን ፎርማት አድርጌ ባዶ አደረግኳት። ከዚያ የስምንተኛ፣ የአሥረኛ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዎቼን፣ የልደት ካርዴን፣ የቀበሌ መታወቂያዬን አንድ በአንድ እያደላደልኩ አሥራ አንድ ፎቶ አነሳሁ። አባቴ በጣም ደስ አለው።

ማክሰኞ ጠዋት ከጓሮ በተሰማ ጩኸት ወጣን። እማማ ብዙነሽ ጪጩ ላይ ከአልጋቸው ሳይነሱ ቀርተዋል። ከእናቴ ጋር ለቀብር ሄድን። ከቀብር መልስ ታደለች በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ፈልጋ እጄን ያዘችኝ። ድምፅዋ አልቆ ነበር። "ነጃት፣ ያነሳኸው ፎቶ አለ አይደል? የእማዬ ፎቶ ሌላ የለንም። ሐሙስ ዘመዶች ከቡሌ ይመጣሉ። ቀብሩ አልደረሱም። ፊቱን ይዩ" አለችኝ። አለ አልኳት። እንደውም በትልቁ አሳጥቤ አመጣዋለሁ ብዬ ጨመርኩበት። በዚያ ሐዘን ውስጥ የምጠቅም ሰው በመሆኔ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ረቡዕ በጠዋት ፍላሹን ይዤ ሙሉጌታ ዘንድ ሄድኩ። ፎልደሩን ስነካው ኮምፒውተሩ አላገኘሁትም አለኝ። ደግሜ ነካሁት። ሙሉጌታ ከኋላዬ መጥቶ መጠኑን አየና አንድ ኪሎ ባይት መሆኑን አሳየኝ። ካርዱስ ሲለኝ ፎርማት አድርጌዋለሁ አልኩት። "ከዚያ በኋላ አንስተሽበታል?" ሲለኝ ደግሞ በጣቶቼ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ አልኩት።

"እንግዲህ ስሚኝ" አለ ሙሉጌታ፣ "ፎርማት ስታደርጊ የተቀደደው ማውጫው ነው እንጂ ፎቶው እዛው ነው። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ አለ። ያንቺ አሥራ አንዱ የማን ላይ እንዳረፈ ግን እኔም አላውቅም። ከአሁን በኋላ ካሜራዋን እንዳትነኪያት!" ስለ ኮምፒውተር ይህን ያህል ነገር ስማር የመጀመሪያዬ ነበር። የጠፋ ነገር የሚፈልግ ፕሮግራም ከፈተና ካርዷን ሰጠው። ፍለጋው የደረሰበትን የምታሳየው አረንጓዴ መስመር መንቀሳቀስ ጀመረች። አትቸኩልም፤ ቆማለች ብዬ ስደነግጥ ደግሞ እንደ ቀንድ አውጣ ፈቀቅ ትላለች። ደንበኞች ይገባሉ፣ ፎቶኮፒ ያደርጋሉ፣ ይወጣሉ፤ እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ከቀትር በኋላ፣ ግማሹን አልፋ ሳለ፣ መብራት ጠፋ። ሙሉጌታ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው አለኝ፤ እሱም ራሱ አዝኖ ነበር።

መብራቱ ሳይመጣ ቀኑ አለቀ። በዚያው ቀን ታደለች ከጪጩ ደወለች። ደረሰ ወይ ስትለኝ እየታጠበ ነው አልኳት። ዋሸኋት። ቤት ስገባ እናቴ ሻንጣዬ ላይ ተደፍታ ልብሴን ታጥፋለች፤ የበሶውና የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። እውነቱን ልንገራት ብዬ ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ ሁለት ጊዜም ስለ ቁልፉ ጠየቅኳት።

ሐሙስ ሱቆች ሳይከፈቱ የሙሉጌታ በር ላይ ነበርኩ። መስመሯ እንደገና ከዜሮ ተነሳች። ዓይኔ አንዴ መስመሯ ላይ ነው፣ አንዴ ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል ላይ። አምስት ሰዓት ገደማ ፎቶዎች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ብይ የሚጫወቱት ልጆች፣ የቡና መኪኖቹ፣ የእንሰት ቅጠሉ፣ አጎቴ ሲያዛጋ። የማልፈልገው ሁሉ ደህና ነበር። መጨረሻ አካባቢ የታደለች ደጃፍ መጣ። የእማማ ብዙነሽ ሻሽ፣ ግንባራቸው፣ ዓይኖቻቸው። ከአፍንጫቸው በታች ግን ፎቶው ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ግራጫ ብቻ ነው። አፋቸው የለም፣ አገጫቸው የለም። ሙሉጌታ ቦታውን ሲያይ የተጻፈበትን ፋይል አገኘው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፍኬቴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የምገባበት ወረቀት የሰው አፍ ላይ ተቀምጦ አየሁት። እዚያው ፎቶኮፒ ማሽኑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ያለውን አትሞ በፖስታ ሰጠኝ። ሚኒባስ ይዤ ጪጩ ስደርስ የቡሌ ዘመዶች ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ነበር። ታደለችን ከድንኳኑ ጀርባ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቫይረሱን ሳይሆን ውሸቴን። ፖስታውን ከፈተች። ለረጅም ጊዜ አየችው። "አለ አልከኝ እኮ" አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ መቀስ አስመጥታ ግራጫውን በሙሉ ቆርጣ ጣለችና የቀረውን ፍሬም ውስጥ አድርጋ ይዛው ገባች። ወዲያው ከውስጥ የተነሳው ልቅሶ ድንኳኑን አናወጠው። እኔ ከውጭ ቀረሁ።

ቅዳሜ ከዲላ ወጣሁ። ታደለች ገና ጪጩ ነበረች፤ ሳንሰነባበት ሄድኩ። በኋላ ስንደዋወል ስለ ትምህርቴ፣ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፤ የኮምፒውተር ሰው ግን ዳግመኛ ብላኝ አታውቅም።

አሁን ሥራዬ ኮምፒውተር ነው። ስልኬ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች ብዛት አላውቅም፤ ሳልጠይቀው ራሱ ሌላ ቦታ ያስቀምጥልኛል፤ ባጠፋም ይመልስልኛል። ባለፈው ክረምት ደግሞ የተቆረጠን ፎቶ ራሱ ፈጥሮ የሚሞላ ፕሮግራም አገኘሁ። ሙሉጌታ በፍላሽ ያስቀመጠልኝን የእማማ ብዙነሽን ግማሽ ፊት ሰጠሁት። ሙሉጌታ ቤት ሁለት ቀን ያስጠበቀኝ ነገር ሻይዬን ሳልጨልጥ አለቀ። ከንፈር መጣ፣ አገጭ መጣ፣ አንገት ላይ ጨሌ እንኳ መጣ። ሙሉ ሰው ሆነው ፈገግ አሉ። ወዲያው ለታደለች ላኩላት። ያን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩትን ያወረድኩ መስሎኝ ነበር።

ደወለች። በስልኩ ውስጥ የዝናብ ድምፅ ይሰማኛል።

"ቆንጆ ሴት ነው" አለችኝ ቀስ ብላ። "እማዬ ግን አይደለም። ነጃት፣ የጎደለውን እኔ አውቀዋለሁ። የሌላ ሰው አፍ አታድርግበት።"

እሺ አልኳት። ሥዕሉን ሰረዝኩት፤ ሳልጸጸት የሰረዝኩት ፎቶ እሱ ብቻ ነው።