ያልተቆጠረልኝ ቀን

አባቴ መዳፌን ለእንግዳ ማሳየት ይወድ ነበር። ዘመድ ሊጠይቀን ሲመጣ፣ ለዝክር ሰው ሲሰበሰብ፣ "እስቲ እጅህን አምጣ" ይለኝና ገልብጦ ያሳያቸዋል። "ይኼውላችሁ፣ እርፍ ነክቶት አያውቅም" ይላል። እንግዶቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ "ይባርክልህ" ይሉታል። የእሱ መዳፍ እንደ በሬ ሰኮና የጠጠረ ነበር። ልጅ ሳለሁ ኩራቱ ኩራቴ ነበር። እጄን ኪሴ ውስጥ መክተት የጀመርኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ቤታችን እስቴ ነው፤ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። እኛ ቤት "ሥራ" የሚለው ቃል ለእርሻ አይነገርም። አባቴ ከንጋት እስከ ማታ ሲያርስ ውሎ ይመጣና፣ እግሩን እየታጠበ "ልጄ ሥራ ሲይዝ እኔም አርፋለሁ" ይላል። ሥራ ማለት ደብዳቤ የሚጻፍለት፣ ወንበር ያለው፣ በወር በወር ደመወዝ የሚከፈልበት ነገር ነው። እሱ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ነገር ምን እንደሚባል ጠይቄው አላውቅም። ብጠይቀው "ኑሮ ነዋ" ይለኝ ነበር።

ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣበት የነገረችኝ እናቴ ናት። በልጅነቱ ቤተ ልሔም ከሚባለው የድጓ ጉባኤ ቤት ገብቶ ዜማ ይማር ነበር። ድምፁ መልካም ነበር አሉ። ሁለት ዓመት እንደተማረ አባቱ ሞተና በሬዎቹ ያለ አራሽ ቀሩ። አጎቱ እዚያው ድረስ ሄዶ ከጉባኤው አውጥቶ አመጣው፤ በሳምንቱ እርፍ አስጨበጠው። ከዚያ ወዲህ ሲያርስ ኖረ። ቤተ ክርስቲያን ቆመን ካህናቱ ሲያዜሙ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየው ነበር እንጂ ስለዚያ ዘመን አንድ ቀን አውርቶኝ አያውቅም። ሞፈር ስነካ ካየኝ ግን እሳት የነካሁ ያህል ይጮህብኛል። "እኔን ማረሻ ከትምህርቴ ነጥቆኛል። አንተን አይነጥቅህም" አለኝ አንድ ጊዜ።

እኔም ተማርኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ማኔጅመንት አጠናሁ፣ የመውጫ ፈተናውን አለፍኩ፣ በምረቃ ጋውን ፎቶ ተነሣሁ። አባቴ ፎቶውን ግድግዳው ላይ ከእመቤታችን ሥዕል ቀጥሎ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሥራ ፈለግሁ። ሰኞ ሰኞ ከተማ ወርጄ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር እቆማለሁ። "የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት" የሚል ወረቀት የተለጠፈ ዕለት፣ የምስክር ወረቀት በፕላስቲክ አቃፊ ያቀፈ ወጣት ግቢውን ይሞላዋል። መንደር ስመለስ ደግሞ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ወጥቼ በቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ አነብባለሁ። መንደርተኛው "ምሁሩ ጸሎት ላይ ነው" ይለኝ ነበር። እንጨት ስፈልጥ፣ አጥር ሳጥር በዋልኩበት ቀን እንኳ አባቴ ማታ "ዛሬስ ሥራ ተገኘ?" ይለኛል። ይህን ጥያቄ እንደምጠላው አንድ ቀን ልነግረው አስቤ ሳልነግረው ቀረሁ።

አባቴ ከጎረቤታችን ጋር ወንፈል ነበረው። ሰውየው እኔን ክርስትና ያነሡኝ ናቸው፤ ስለዚህ እሳቸውና አባቴ አበልጅ ናቸው፣ አንቱ እየተባባሉ ነው የኖሩት። ወንፈል ማለት አንተ በሬህን ይዘህ መጥተህ አንድ ቀን የእኔን ታርሳለህ፣ እኔም በሬዬን ይዤ ሄጄ አንድ ቀን የአንተን አርሳለሁ ማለት ነው። ማንም አይጽፈውም፣ ማንም አይረሳውም። ቀን የሚመለሰው በቀን ነው። ወንፈል ለመለሰ ሰው ምስጋና የለም፤ ያለበትን መለሰ እንጂ ምን ሰጠ?

የሰውየው ልጅ እኩያዬ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ሲተው አባቴ "ይኼ ልጅ ጠፋ" ብሎ አዝኖለት ነበር። አሁን የራሱ ጥማድ በሬና አንድ የውኃ ፓምፕ አለው፤ በበጋ ድንችና ሽንኩርት ያለማል፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ዘፈን እየሰማ ያርሳል። "ሥራ ማለት ጠዋት ከመኝታህ የሚያስነሣህ ነገር ነው" ብሎኛል። እኔን የሚያስነሣኝ ነገር አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ አባቴ ታመመ። መጀመሪያ ጎኑን ወጋው፣ ከዚያ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ጤና ጣቢያ ወስደነው "ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይሂዱ" አሉን። መንገዱ በዚያን ሰሞን ተዘግቶ ስለነበር ሲከፈት እንሄዳለን ብለን ወደ ቤት መለስነው። ዝናቡ ግን መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። አበልጁ ሳይጠሩ መጡ፤ ከልጃቸው ጋር እየተፈራረቁ የጤፍ መሬታችንን ሁለት ቀን አረሱልን። አባቴ መደቡ ላይ ተኝቶ የጅራፉን ድምፅ ሲሰማ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ማታ "ሁለት ቀን አለብን" አለ። "ሻል ሲለኝ እመልሳለሁ።"

አልተሻለውም። በሳምንቱ አንድ ማለዳ እሱ ሳያውቅ በሬዎቹን አወጣሁ፣ ሞፈሩን ተሸከምኩ። እናቴ በር ላይ ሆና አየችኝ፤ አማተበች እንጂ አልከለከለችኝም። ማሳቸው ላይ ስደርስ የክርስትና አባቴ ቀና ብለው አዩኝ።

"አባትህ ያውቃሉ?"

"አያውቁም። አንዱን ቀን ልመልስ ነው የመጣሁት።"

ዕድሜ ልኬን ከሩቅ ሳየው ቀላል ይመስለኝ ነበር። እርፉን ስጫነው ማረሻው ይቀበርና በሬዎቹ ይቆማሉ፤ ሳላላው ይንሳፈፍና መሬቱን ጭሮት ያልፋል። በሬዎቹ የሚያውቁት የአባቴን ድምፅ ነው፤ እኔ ስጮህ ወይ ይቆማሉ ወይ ወደ ፈለጉበት ይዞራሉ። ትልሜ እንደ ሰካራም መንገድ ተጣመመ፤ በትልምና በትልም መካከል ማረሻ ያልነካው መሬት ቀረ። ልጃቸው ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ "ዲግሪው ፈሩን ለቀቀ" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያኔ ገና ያስቅ ነበር። ለምሳ ስንቀመጥ መዳፌ ውኃ ቋጥሮ፣ ግማሹም ፈርጦ ስለነበር እንጀራ መቁረስ አቃተኝ። ከምሳ በኋላ ማረሻው ድንጋይ መታና ዘሎ ወጣ፤ የጥቁሩን በሬ ቋንጃ ለጥቂት ሳተው። የክርስትና አባቴ ቀስ ብለው መጥተው እርፉን ከእጄ ወሰዱ።

"በቃ ልጄ፣ በሬዎቹም ደክመዋል። ግባ።"

ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር። በሬዎቹን ፈትቼ ልሄድ ስል "እግዜር ይስጥልኝ" አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ለወንፈል ምስጋና የለም ብያለሁ። ያመሰገኑኝ ቀኔ ቀን ስላልሆነ ነው።

ቢሆንም ቤት ገብቼ ለአባቴ "አንዱን ቀን መልሻለሁ" አልኩት። እጄን እንዳሳየው በዓይኑ ጠየቀኝ። ዘረጋሁለት። ብዙ አየውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግሥቱ ጉብታው ላይ ወጥቼ ስልኬን ስነካካ ወደ ታች ተመለከትኩ። እኩያዬ የትናንቱን ማሳ፣ እኔ ከጀመርኩበት ጥግ ጀምሮ፣ እንደ አዲስ እያረሰው ነበር። ቀና ብሎ ሲያየኝ ማዳመጫውን ነካክቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ተመርቄ ሥራ ፈት መሆኔ እንኳ እንደዚያ አላሳፈረኝም፤ እሱ የመንግሥት ጥፋት ነው ይባላል፣ ከብዙ ሰው ጋር የሚያፍሩት ነገር ነው። ይኼኛው የእኔ ብቻ ነበር።

ማታ የክርስትና አባቴ ሊጠይቁት መጡ። አባቴ ከመደቡ ቀና ብሎ "አበልጄ፣ የልጁን ቀን ቆጠሩት?" አላቸው።

"ይተዉት አበልጄ። ሁለቱንም ቀን ትቼዋለሁ። እርስዎ ብቻ ይዳኑ።"

"ገና ምጽዋት ልቀበል አልደረስኩም" አለ አባቴ።

ከሁለት ቀን በኋላ ተነሣ። እናቴ አለቀሰች፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ "አባባ ይተዉ፣ እኔ ለምጄ እመልሳለሁ" አልኩት። "አንተ ለዚህ አልተማርህም" ብሎኝ አለፈ። የአበልጁን ማሳ ሁለት ቀን አረሰ። በየትልሙ ጫፍ እየቆመ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። እኔ አጥሩን ተደግፌ አየው ነበር። ትልሙ በገመድ የተለካ ይመስል ቀጥ ያለ ነበር። ሁለተኛው ቀን ሲያልቅ ሞፈሩን አበልጁ ተሸክመውለት መጡ። ተኛ፤ በሰባተኛው ቀን ሞተ። መንገዱ የተከፈተው እሱ ከተቀበረ በኋላ ነው።

ለቀብር የመጡት አልቃሾች ብዙ አሞገሱት። ባለ ዲግሪ ያሳደገ፣ ልጁን ለወንበር ያበቃ አባት አሉት። ሰው ሁሉ ወደ እኔ እየዞረ አለቀሰ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ የቁስሉ ቅርፊት ገና አልረገፈም ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ ወደ ክርስትና አባቴ ሄድኩ። ጤፉን በሐዘናችን መካከል የዘሩልን እነሱው ነበሩ። "ለሚመጣው እርሻ እርፍ መያዝ ያስተምሩኝ። የአባቴን ወንፈል እኔ ልያዘው" አልኳቸው። አንገታቸው ላይ ያለውን ማተብ በጣታቸው ያዙ።

"አባትህ በዚህ አስምለውኛል" አሉ። "የመጨረሻው ቀን፣ በሬዎቹን ስንፈታ። 'ልጄን እርፍ እንዳያስጨብጡት። መሬቱን ልጅዎ ምርቱን በእኩል እየተካፈለ ይረሰው፣ እሱ ደብዳቤው እስኪመጣ ይጠብቅ' አሉኝ።"

"ደብዳቤው ባይመጣስ?"

"እሱን አልጠየቅኋቸውም።"

ሌላ የሚያስተምረኝ ሰው ፈልጌ ነበር። መሐላው ግን በመንደሩ ተሰምቷል፤ የሟች ቃል ነው ብለው ሁሉም እጃቸውን ሰበሰቡ። አባቴን እወደዋለሁ፤ በየዕለቱ ይናፍቀኛል። እንደተናደድኩበት ግን ልደብቅ አልችልም። እሱን አጎቱ እርፍ አስጨበጠው፣ እኔን እሱ እርፍ አስጣለኝ፤ ሁለታችንንም ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀን የለም። አሁንም ሰኞ ሰኞ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር እቆማለሁ። እዚያ የምሄደው ተስፋ ስላለኝ ይሁን ቃሉን ለመጠበቅ፣ ለራሴም አይለይልኝም።

ታኅሣሥ ላይ እኩያዬ የእኛን ድርሻ ጤፍ በአህያ ጭኖ አመጣ። ዘፈን ከማዳመጫው ይንሾካሾካል። ጆንያውን ለመቀበል ሁለት እጄን ዘረጋሁ፤ ቁስሉ ሽሮ መዳፌ እንደ ድሮው ለስልሷል። እሱም አየው።

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት።