የተጨመቀ ዝናብ

ትናንት ዘሀራ በስልክ የዝናብ ድምፅ ላከችልኝ። «ቆርቆሯችን እንዴት እንደሚያወራ ስሚልኝ! እንዴት ነው?» ትላለች። እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ እዚህ ዝናብ ይታያል እንጂ አይሰማም። ከፍቼ አዳመጥሁት። ተልባ ሲቆላ ይመስላል።

ያን ጊዜም ተልባ ነበር የመሰለኝ። ኢንተርኔት ቤት ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ እኔና ዘሀራ ሜክሲኮ አጠገብ የሬዲዮ ድራማ በሚያዘጋጅ ትንሽ ስቱዲዮ እንሠራ ነበር። ያኔ አላገባሁም ነበር፤ ጎረቤቶቼ ግን ዕድሜዬን መቁጠር ጀምረው ነበር። የድምፅ ባለሙያው ከድር ይባላል። ለቁርስ ፓስቲ ሲያመጣ ለሁለታችንም እኩል ያካፍላል። ያ እኩል ማካፈሉ ዕረፍት ይነሳኝ ነበር።

አንድ ክረምት ለድራማ የዝናብ ድምፅ አስፈለገ። ከድር አዳዲስ መቅረጫዎች ሰጠንና፣ «ጥሩ የቀረጸችው ወንዶ ገነት ወፍ ልንቀርጽ አብራኝ ትሄዳለች» አለ። መቅረጫው ድምፁን እንዳለ ይይዛል፤ አለዚያም ቦታ እንዲቆጥብ ጨምቆ ያስቀምጠዋል። ዘሀራ እንዳለ ቀረጸች። እኔ ዝናቡ ሳያባራ የመቅረጫው ካርድ እንዳይሞላብኝ ሰግቼ አስጨመቅሁት፤ ጌጃ ሰፈር፣ በእናቴ ቤት ቆርቆሮ ሥር፣ እስከ ጉልበቴ በስብሼ።

በማግስቱ ሁለቱንም አሰማን። በዘሀራ ዝናብ ጠብታው ሁሉ ለየብቻው ይወርዳል፤ የአሸንዳው ፏፏቴ፣ ከሩቅ የሚያልፍ መኪና ጎማ ሳይቀር ይለያል። የኔው ተጨምቆ እንደ ተልባ ተንጣጣ።

ከድር ወደ ዘሀራ ዞረ። «አንቺ ልጅ፣ አሸንዳ ውስጥ ገብተሽ ነው እንዴ የቀረጽሽው? ትንፋሽሽ ሁሉ ይሰማል!»

«ታዲያ ትንፋሼን ማን ስማ አለህ?»

ተሳሳቁ። ወደ እኔ ሲዞር ድምፁን አለሰለሰ። «ያንቺም ጥሩ ነው፣ እህቴ።»

የላላች ብሎን በድምፅ የሚለይ ጆሮ ነበረው። ተልባውን አልሰማም ብዬ አላምንም። ወንዶ ገነት ማን እንደምትሄድ ያኔውኑ ገባኝ። ያቃጠለኝ ግን ጉዞው አልነበረም፤ እሷን መንቀፉ ነው። እኔን አንድም ቀን ነቅፎኝ አያውቅም።

ሲመለሱ ሸንኮራ አመጡልኝ። ሳልቀምሰው ለጎረቤት ሰጠሁት። በሠርጋቸው ዕለት እንግዳ እጅ ሳስታጥብ ዋልሁ።

ሰው የሚነቅፈው የራሱን ነው፤ ይህን ለማወቅ ብዙ መማር አላስፈለገኝም። ትናንት ከተላከልኝ ዝናብ ጀርባ የወንድ ሳል የሚመስል ነገር አለ። ደጋግሜ ብሰማውም አልለይ አለኝ፤ ስልኩ ጨምቆታል።

ዘሀራ መልስ ትጠብቃለች። «ጥሩ ነው፣ እህቴ» ብዬ ላክሁላት።