ሥሩ የሚረዝመው እንጉዳይ

እናቴ ለንደንን የምትወድበት አንድ ወር ነበራት፤ ጥቅምት። ዝናብ ካደረ በኋላ ኤድመንተን ሰፈር ያለውን የቤታችንን መስኮት ከፍታ አንገቷን ታወጣና፣ «ይሸትሻል?» ትለኛለች። እኔን የሚሸተኝ ከታች ካለው ሱቅ የሚመጣው የዶሮ ጥብስ ብቻ ነበር።

ከአገር የወጣነው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ ስላደግኩ እንጉዳይን የማውቀው «የጅብ ጥላ» በሚለው ስሙ፣ እንዳይነካ የተባለ ነገር ሆኖ ነው። እናቴ ግን ያደገችው ጅማ አካባቢ፣ ጫካ ዳር ነው። እዚያ ክረምቱ ሲገባ፣ ነጎድጓድ ባደረ ማግስት፣ ሴቶች ማለዳ ወጥተው ከምስጥ ኩይሳ ላይ እንጉዳይ ይለቅማሉ። ያገኘች ሴት አትጮህም፣ በጣቷም አትጠቁምም። እንጉዳዩ ድምፅ ከሰማ ወደ አፈሩ ይመለሳል ይባላል።

«እንደ ሥጋ ነው የሚጣፍጠው?» ብዬ ስጠይቃት ትስቅብኛለች።

«ሥጋ ምን አላት ብለሽ!»

የጥገኝነት ወረቀታችን ገና ስላላለቀ ወደ አገር መመለስ አትችልም ነበር። አንድ ቀን የምንመለስ ከሆነ ምን እንደምታደርግ ስጠይቃት ስለ ዘመድም ስለ ቤትም አታወራም። ያንን እንጉዳይ አንዴ ደግማ መቅመስ ነው የምትፈልገው።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት፣ በጽጌ ጾም፣ አንድ ቅዳሜ ከከተማው ዳር ወዳለው ጫካ በአውቶቡስ ይዛኝ ሄደች። በቦርሳዋ የወጥ ቤት ማንኪያ ይዛለች። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ስለ መርዛማ እንጉዳይ ሳነብ ሰንብቻለሁ። አትብይ ልላት አስቤ ተውኩት።

ዛፍ ሥር የበቀሉትን እንጉዳዮች ዞር ብላም አላየቻቸውም። ጫካውን አልፈን ሜዳ ላይ ስንወጣ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ሣር የለበሱ ትንንሽ ጉብታዎች ነበሩ።

«ኩይሳ!» አለች በሹክሹክታ።

«እማዬ፣ እዚህ አገር ምስጥ የለም። የጉንዳን ነው።»

«ጉንዳንስ ቢሆን? ዘመድ አይደሉ?»

ከአንዱ ጉብታ ጎን ነጭ እንጉዳይ ወጥቶ ነበር። እናቴ ተንበረከከች። ያነበብኩት መጽሐፍ አጥብቆ የሚያስጠነቅቀው ከነጩ ነው። በዚህ መሀል ውሻ የሚያናፍስ አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ቆመና በእንግሊዝኛ አናገረን። አፈርኩ።

«ምን አለ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«የጠፋባችሁ ነገር አለ ወይ ነው የሚለው።»

«አዎ በይው።»

አልኩት። አብሮን ይፈልግ እንደሆን ጠየቀኝ፤ አመስግኜ ሸኘሁት።

«ምልክቱ ሥሩ ነው» አለች እናቴ ዙሪያውን በማንኪያው እየፈለፈለች። «የእኛው ሥር ኩይሳው ሆድ ድረስ ይወርዳል። ክንድሽን አስገብተሽ ትከተይዋለሽ።» ከዚያ ግንዱን ይዛ ቀስ ብላ ሳበችው። ያን ጊዜ፣ ያን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ፣ በልቤ «ይርዘም፣ ይርዘም» እያልኩ ነበር።

ወዲያው ወጣ። ሥሩ ከጥፍሬ አይበልጥም። አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ መልሳ አፈሩን በመዳፏ ጠቀጠቀች።

«አይደለም» አለች።

ማታ ከሱፐርማርኬት የገዛነውን እንጉዳይ በሽንኩርትና በቲማቲም ሠራችው። «ውኃ ነው» አለች፤ ግን በላችው። ከዚያ በኋላ ጥቅምት ሲመጣ መስኮቱን መክፈቷን ባትተውም ይሸትሻል ወይ ብላኝ አታውቅም።

አሁን እሷ ወረቀቷ አልቆ አገሯ ገብታለች፤ ጅማ አካባቢ ከእህቷ ጋር ትኖራለች። እኔ ሥራ ይዤ እዚያው ለንደን፣ ስቶክዌል ሰፈር ቀረሁ። እንጉዳዩን እስከ ዛሬ አልቀመስኩትም። ጥቅምት ላይ መስኮት የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ምን ላሽትት ብዬ እንደምከፍት ግን አላውቅም።

ባለፈው ሰኔ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ አውቶቡሱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ሳለ እናቴ በቪዲዮ ደወለች። ጭቃ የነካው ፊቷ ስልኩን ሞላው።

«ሌሊቱን ሰማዩ ሲያጉረመርም አደረ» አለች በሹክሹክታ። «እንዳትጮኺ።»

«አልጮህም» አልኩ፣ እኔም በሹክሹክታ።

ስልኩን ሣር ላይ አስደግፋው ሄደች። ቀይ አፈር፣ ከላዩ ነጭ ነገር፣ ከዚያ እጇ ታየኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ወደ ስልኬ ሰረቅ አድርጋ አየች። የምወርድበት ፌርማታ ደረሰ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። አልተነሳሁም።

«እማዬ፣ ወጣ?»

«ቆይ» አለች። ክንዷ እስከ ክርኗ አፈሩ ውስጥ ገብቷል። «ገና ነው። ይወርዳል።»