ርግቧ ያለ ሽማግሌ ታረቀች

አባታችንን የገደለው ሰው ከእስር መፈታቱን የሰማነው እኔና ወንድሜ የዓመቱን ምርጥ የካርቱን ፊልም ለመምረጥ ሽር ጉድ በምንልበት ሰሞን ነው። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ሳነሳ የሚስቅ ሰው አለ። ይሳቅ። እኛ ቤት የመጡት አንድ ላይ ነው።

ወንድሜ ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ ቪዲዮ ቤት አለው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ትልቅ ስክሪን፣ መብራት ሲጠፋ የሚያጓራ ጄኔሬተር። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤቱ በግጭቱ ምክንያት ከተዘጋ ወዲህ ማይክሮፎን ይዤ ፊልሙን እየተከታተልኩ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ ለጀግናውም ለሌባውም ለአህያውም የምናገረው እኔ ነኝ። እናታችን በሩ ላይ ሻይ ትሸጣለች።

ውጭ አገር ለትልቁ ሽልማት የሚታጩት ረጃጅም የካርቱን ፊልሞች በየዓመቱ ባሕር ዳር ባለ ዘመዳችን በኩል በፍላሽ ይደርሱናል። ፈረንጆቹ ሳይፈርዱ እኛ እንፈርዳለን። ዳኞቹ እኔ፣ ወንድሜና የኔታ ነን። የኔታ እዚሁ አቅራቢያችን ባለው ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ ቄስ ናቸው፤ የነፍስ አባታችንም እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ የመጡት ሊያወግዙን ነበር። "ሥዕል እንዴት ይራመዳል?" ብለው ለአፍታ ቁጭ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ያመለጣቸው ፊልም የለም። ነጥቡ ከአሥር ነው። ነገር ግን ዳኛው ቆሞ ለምን እንደዚያ እንደሰጠ ለሕዝቡ መናገር አለበት፣ ሕዝቡም ዝም ብሎ አይሰማም። አምና በአንድ ዘንዶ የተነሳ ሁለት ጎልማሶች በዱላ ተፈነካክተዋል።

አባቴ የሞተው ስማዳ ነው፣ በወሰን ጠብ። ጎረቤታችን ድንበር አልፎ አርሶ ነበር። አባቴ በሬዎቹን ጠምዶ ያንኑ መሬት መልሶ ሲያርስ ሰውየው ከኋላው መጥቶ አንገቱን በምሳር መታው። እኔ ምሳውን ይዤ እየደረስኩ ነበር። የአባቴ እጅ እርፉን አለቀቀም፤ በሬዎቹ ደንግጠው ሲፈረጥጡ ሬሳውን እየጎተቱት ሄዱ። ወንድሜ ያኔ ገና ጡት አልጣለም። እናታችን ጥቁሯን እንደለበሰች እኛን ይዛ ወደዚህ ከተማ ተሰደደች፤ አንድም ቀን አላወለቀችውም። ሰው ሊያጽናናት በመጣ ቁጥር "ወንድ ልጅ አለኝ" ትል ነበር፣ ሌላ ቃል አትጨምርም። ወንድሜ ይህን እየሰማ አደገ።

ሰውየው መፈታቱ በተሰማ ማግስት ወንድሜ ክላሽ ገዝቶ መጣ፤ ትኬት ከሚቆርጥበት ጠረጴዛ ስር አስቀመጠው።

"በዚህ ዘመን አንድ ሬሳ ቢጨመር ማን ይጠይቃል?" አለኝ።

እውነቱን ነበር፤ እውነቱን ስለሆነም ጠላሁት። ተኩሱ ከኮረብታው ማዶ ሲንጣጣ ይውላል፣ ማን ማንን እንደጣለ የሚያጣራ የለም።

"ወንድም ዓለም፣ እሱን ስትገድል ልጆቹ አንተን ይገድሉሃል" አልኩት። "እኔስ ያኔ ደምህን እንዲመልስ ማንን ልላክ?"

"አንቺ አርፈሽ ተርጉሚ" አለኝ።

እሺ፣ እተረጉማለሁ አልኩ በሆዴ። ከታጩት ፊልሞች አንዱ የርግብ ታሪክ ነበር። አባቷን ዓይኗ እያየ ጭልፊት ይዘነጣጥልባታል። ታድግና ያን ጭልፊት ፍለጋ አገር ታቋርጣለች። ስታገኘው ክንፉ ተሰብሮ አንድ ጣሪያ ላይ ወድቋል። ያለቅሳል፣ ይቅርታ ይላል፤ እሷም ክንፏን ታለብሰዋለች። ሙዚቃ፣ ፀሐይ መውጣት፣ መጨረሻ። ይህን ፊልም ሆን ብዬ የመጨረሻ አደረግሁት፣ ወንድሜ ልብ ውስጥ እንዲቀር።

ሰዓት እላፊ ስለታወጀ የምናሳየው ከቀትር በኋላ ነው። የርግቧ ተራ በደረሰ ቀን ተኩሱ ቀርቦ ስለነበር ጭልፊቱ ሲወርድ የጮኸው ስክሪኑ ይሁን ከተማው አልለይ አለን። ሆኖም ማንም አልተነሳም። እኔም አምላክ ይይልኝ፣ እንደዚያ ቀን ተርጉሜ አላውቅም። ለጭልፊቱ አለቀስኩለት፤ ርግቧ ያላለችውን ሁሉ አስባልኳት። ሲያልቅ ዓይኔን እየጠረግሁ ዘጠኝ ሰጠሁ።

ወንድሜ ተነሳ።

"ዜሮ!" አለ። "ማን ሸመገላቸው? እናቷስ ተጠየቀች? ጭልፊቱ ደም አድራቂ ሽማግሌ ላከ? ድንጋይ ተሸክሞ መጣ? ክንፉ ተሰብሮ መብረር ሲያቅተው ነው ይቅርታ ያለው! ሲድን እሷንም ይበላታል!"

ቤቱ ተናወጠ። በእኛ አገር ገዳይ እርቅ ሲፈልግ ከሽማግሌና ከቄስ ጋር፣ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይመጣል። የሟች ወገን ይቅር ካለ ድንጋዩን ያወርድለታል፤ ደሙ ደረቀ ይባላል። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሕዝቡ "እውነት ነው! ዜሮ!" እያለ አግዳሚውን ይደበድብ ጀመር።

"ወፍ እኮ ነው!" ብዬ በማይክሮፎኑ ጮህኩ። "ወፍ ድንጋይ በምኑ ይሸከማል?"

"አንገት የለውም?" አለ ወንድሜ።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ። ነጥብ ሊሰጡ መስሎኝ ነበር።

"ልጄ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ቢመጣስ ስንት ትሰጠው ነበር?"

"አሥር!" አለ ወንድሜ በንዴት እንደጋለ። "አሥር ከአሥር!"

"ሕዝብ ሰማ?"

"ሰማን!" አለ ሕዝቡ።

የኔታ ነጥብ ሳይሰጡ ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ። በማግስቱ በዚያ ሁሉ ተኩስ መሐል የስማዳን መንገድ እንደያዙ ሰማሁ። ያን ጊዜ ምን እንዳሰቡ ገባኝ፤ ለወንድሜ ግን አልነገርኩትም።

ውጤት በሚነበብበት ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ማይክሮፎኑን እንደያዝኩ በሩ ላይ የእናቴ ብርጭቆ ሲከሰከስ ሰማሁ። የኔታ መስቀላቸውን ይዘው ገቡ፤ ከኋላቸው ሽማግሌዎች፤ በመሐል አንድ ሽበታም ሰው፣ ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ሁለት እጥፍ ሆኖ። ፊቱ አይታይም። እኔ ግን እጁን አወቅሁት። ያ ምሳር የያዘው እጅ ነው።

ወንድሜ ክላሹን አውጥቶ አቀባበለ። ሕዝቡ አግዳሚ ስር ገባ።

"ተው!" አልኩ፤ ድምፄ ከስፒከሩ ወጥቶ ራሴን አስደነገጠኝ።

"አሥር ብለሃል" አሉት የኔታ፣ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ። "ከአፍ የወጣ አፋፍ።"

ወንድሜ የሰውየውን ጎን በሰደፍ መታው። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ሰውየው በጉልበቱ ወደቀ፣ ድንጋዩን ግን አልጣለም። ወንድሜ አፈሙዙን አናቱ ላይ ደቀነ።

እናታችን ያን ጊዜ ገባች። "ዞር በል" አለችው ወንድሜን። ዞር አለ። ሰውየውን በጥፊ መታችው፣ ከዚያ በጡጫ፣ ከዚያ በሁለቱም እጇ። "ከእርፉ ላይ! ባሌን ከእርፉ ላይ!" ትላለች፣ ትመታለች። የአፍንጫው ደም ድንጋዩ ላይ ይንጠባጠባል። ማንም አልያዛትም። እርቅ እርቅ ስል የከረምኩት እኔ ደስ አለኝ፤ እንዳታቆም ፈለግሁ። የአባቴ ሬሳ ሲጎተት ያየሁት እኔ ነኝ፤ እኔም ልመታው ፈልጌ ነበር።

በመጨረሻ ክንዷ ዛለ። ቆማ ተነፈሰች። ከዚያ ጎንበስ አለችና ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘች። ሳበችው፤ አልተነሳላትም።

"ና፣ አግዘኝ" አለችው ወንድሜን።

ወንድሜ አልተንቀሳቀሰም።

"እማዬ፣ አንቺ እኮ..."

"ከብዶኛል አልኩህ! ወንድ ልጅ አለኝ ያልኩት ለመቼ ነው?"

ድንጋዩ በደም ረጥቦ ያዳልጥ ጀመር። ወንድሜ በግራ እጁ ብቻ ሊይዘው ሞከረ፣ ክላሹን በቀኙ እንደያዘ። አልሆነለትም። ጥርሱን ነክሶ መሣሪያውን አግዳሚው ላይ ወረወረው፤ በሁለት እጁ አነሳላት። እናትና ልጅ እየተንገዳገዱ ተሸክመው ከደጅ አስቀመጡት። ሰውየው ድንጋዩ ከተነሳለትም በኋላ አንገቱን ማቃናት አልቻለም።

ወንድሜ ተመልሶ ገባ። ዓይኑ ደም መስሏል፣ እጁም በደም ተለውሷል። ማይክሮፎኑን ከእጄ ነጠቀኝ።

"የርግቧ ፊልም ግን" አለ፣ "አሁንም ዜሮ ነው።"

እኔም ዘጠኜን ሰረዝኩ።