አላየሁም በይ

ዛሬ ጠዋት ሃቫና ስትሪት ላይ የትራፊክ መብራት ይዞኝ ቆሜ፣ ሠራተኞች በስፕሬይ ቀለም ሥዕል የተሣለበትን ግድግዳ ነጭ ሲቀቡ አየሁ። የቀለሙ ሽታ በመኪናው መስኮት ገብቶ ወደ አሥራ ስድስት ዓመቴ መለሰኝ።

ያኔ እኔና ጓደኛዬ ሳባ የተዘጉ ሕንፃዎች ውስጥ እየገባን የግድግዳ ሥዕል ፎቶ እናነሳ ነበር። አንድ ቅዳሜ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ያለ የተዘጋ ሞቴል ገባን። ምንጣፉ በስብሶ ይሸታል፤ የመስታወት ስባሪ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። የመጨረሻው ክፍል ግድግዳ ላይ ዓይኗን የጨፈነች ሰማያዊ ሴት ተሥላለች። ከሥሯ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰው ተኝቷል። ቀና ሲሉ አወቅኋቸው። ጋሽ መኮንን ነበሩ፤ ከአባቴ ጋር ታክሲ ይነዱ የነበሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ባገኙኝ ቁጥር ግንባሬን የሚስሙኝ። ሁላችንም ሌላ ስቴት የሄዱ መስሎን ነበር።

«የኔ ልጅ፣» አሉ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው፣ «አባትሽ እንዲህ ሆኜ ከሚያየኝ ሞቼ ቢቀብረኝ ይሻለኛል። አላየሁም በይ።»

«እሺ» አልኳቸው።

ስንወጣ ሳባ «ለአባትሽ ንገሪው እንጂ!» ብላ ለመነችኝ። ቃሌን ሰጥቻለሁ ብዬ እምቢ አልኳት።

ብርዱ ሲጠና እዚያው ክፍል ውስጥ ሞተው ተገኙ። ለቅሶው ላይ አባቴ «ምነው አንድ ሰው እንኳ በነገረኝ!» እያለ ደረቱን ሲመታ፣ እኔ ለለቀስተኛው ውሃ አዞር ነበር።

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ክላክስ ሲነፋ ነዳሁ። አባቴን ክሊኒክ ማድረስ ነበረብኝ። ገና መኪናው ውስጥ ሲገባ «ምን ሆነሻል?» አለኝ።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«ቀበቶህን እሰር፣ አባዬ» አልኩት።