የሽንት ቤቱ ወርቅ
ቡራዩ ያለው ልጄ ሽንት ቤት እያስቆፈረ፣ ኧረ ራሱ እየቆፈረ ነው ሲሉኝ ከሰበታ ልጠይቀው ሄድኩ። የልጅ ልጄ አብራኝ ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድንጋይ ነው የምትማረው። ድንጋይ ደግሞ ምኑ ይጠናል እያልኩ መንገዱን ሙሉ ሳበሽቃት ነበር።

ስንደርስ ምራቴ በሩን ከውስጥ ቆልፋለች። «ቀስ በሉ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ» አለች። ለካ ልጄ ጉድጓዱ ውስጥ ቢጫ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አግኝቶ፣ ወደ ታች መቆፈሩን ትቶ ወደ ጎን፣ በቤቱ ግድግዳ ስር እየገባ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ አፈሩ ርሷል።

ጎንበስ ብዬ ሳይ የስልኩ መብራትና እግሩ ብቻ ይታያል።

«ኦቦ ሀብታም፣ እናትህ መጥታለች!» አልኩት።

«እማዬ ዝም በይ! ወርቅ ነው!»

ልጅቷ ካወጣው ድንጋይ አንዱን አገላብጣ አየችው። «አጎቴ፣ ወርቅ አይደለም፤ ውጣ! ወርቅ ከምድር ሆድ፣ ከጥልቁ ነው የሚመጣው። እዚያ ታች የጋለ ውሃ ወርቁን ከድንጋዩ አሟሙቶ በስንጥቅ ይዞት ይወጣል፤ ሲበርድ ስንጥቁ ውስጥ ጥሎት ይቀራል። የዚህ አካባቢ ድንጋይ ግን በኋላ ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ ከላይ የተነጠፈ ነው፤ ያ ውሃ አልደረሰበትም።»

እኔማ ወዲያው ገባኝ፤ አረቄ ሳወጣ የኖርኩ ሴት ነኝ። ከስር እሳት፣ እንፋሎቱ ሽቅብ፣ ሲቀዘቅዝ ጠብ።

ልጄ ግን የሰማው የሚፈልገውን ብቻ ነው። «ስንጥቅ አልሽ? እኔም ስንጥቁን ነው የምከተለው!» ብሎ ጭራሽ ባሰበት።

ከጉድጓዱ አፍ አንድ ጓል ተፈንቅሎ ወደቀ። ምራቴ ጮኸች።

«ኮቱ! ና ውጣ!» አልኩት።

«ትንሽ ነው የቀረኝ!»

ልመና እንደማይሰማ ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ መሰላሉን መውረድ ጀመርኩ።

«ብቻህንማ አትከብርም! አካፋ አዘጋጅልኝ!»

«እማዬ አበድሽ? ትወድቂያለሽ!»

ከቀዳዳው በእንብርክኩ ወጥቶ፣ እያጉረመረመ፣ እኔን ሊመልስ መሰላሉ ላይ ተንጠላጠለ። እግሬን ሲይዘኝ ከስራችን ድም አለ። ጎኑ ተደርምሶ የገባበትን ቀዳዳ ደፈነው፤ መብራቱም ጠፋ።

ልጄ ቁርጭምጭሚቴን ጨምድዶ ይዟል።

«በል ልቀቀኝ፣ ልውጣ» አልኩት እየሳቅኩ።

ለቀቀኝ። እኔ ግን መሰላሉን አቅፌ ቀረሁ፤ ሳቄም አልቆም አለ። ሁለቱ ሴቶች በብብቴ ይዘው ጎትተው አወጡኝ።